ታሽከንት ለአዳር ብቻ አይደለችም፦ ሜትሮው፣ ቾርሱና የቀትሩ ፕሎቭ

ኡዝቤኪስታን የሚሄድ ሰው ልቡ ያለው ሳማርካንድና ቡኻራ ላይ ነው። ዋና ከተማዋን ታሽከንትን አንድ ሌሊት አድሮባት ጠዋት በባቡር ጥሏት ይሄዳል። አይፈረድበትም። የሳማርካንዱን ታላቅ አደባባይ ሬጊስታንን የሚያህል ነገር እዚህ አይገኝም፤ የሚታየው ሰፋፊ አውራ ጎዳናና የሶቪየት ዘመን ሕንፃ ነው። ቢሆንም ከመሬት በታች ያለው ሜትሮ፣ ቾርሱ ገበያና እኩለ ቀን ላይ ከትልቅ የብረት ድስት የሚጨለፈው የሩዝና የሥጋ ምግብ ፕሎቭ ሁለት ሙሉ ቀን ይገባቸዋል። ሦስተኛውን ቀን ለሳማርካንድ ስጡት።

ከተማዋ ለምን እንዲህ ሆነች ለሚል መልሱ የመሬት መንቀጥቀጥ ነው። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 26 ቀን 1966 ሊነጋጋ ሲል የደረሰው መንቀጥቀጥ በሬክተር መለኪያ 5 አካባቢ ነበር። ቁጥሩ ብዙ አያስፈራም፤ ነገር ግን የተነሳው ልክ ከከተማዋ እምብርት ሥር፣ ከጥቂት ኪሎ ሜትር ጥልቀት ስለነበር የጭቃ ጡብ ቤቶችን አረገፋቸው። ወደ 300,000 የሚጠጋ ሕዝብ ቤት አልባ ሆነ። ከመላው ሶቪየት ኅብረት የመጡ ግንበኞች ከተማዋን እንደ አዲስ ሠሯት። ለጎብኚ ትርጉሙ አንድ ነው፦ ካርታ ላይ «እዚሁ ነው» የሚመስለው ቦታ በእግር ግማሽ ሰዓት ይወስዳል፣ ትልልቆቹን ጎዳናዎች ለመሻገርም ብዙ ጊዜ በመሬት ውስጥ መተላለፊያ መውረድ ግድ ነው። ታሽከንትን በእግር አያታለሁ ያለ ሰው በመጀመሪያው ቀን ይደክመውና «የሚታይ ነገር የለም» ብሎ ይመለሳል።

መግቢያው ላይ ፓስፖርት ይለያያል። የእስራኤል፣ የእንግሊዝ፣ የካናዳ፣ የጀርመን፣ የስዊድን ወይም የሌላ የአውሮፓ ኅብረት አገር ፓስፖርት የያዘ ሰው እስከ 30 ቀን ያለ ቪዛ ይገባል። የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ግን ቲኬት ከመቁረጡ በፊት የቪዛውን ነገር ይጨርስ፤ የመንግሥቱ የኤሌክትሮኒክ ቪዛ ድረ ገጽ የአገሮቹን ዝርዝር ያሳያል። ከአዲስ አበባ የሚነሳ ሰው በዱባይ ወይም በኢስታንቡል በኩል ይገናኛል። ሻንጣ ስታዘጋጁ ሁለት ነገር ከቤት ይቅር፦ አንደኛው ድሮን ነው፣ ያለ ፈቃድ ማስገባት ክልክል ነው። ሁለተኛው ትራማዶልና ኮዴይን ያለበት የሕመም ማስታገሻ ነው። ሐኪም ያዘዘላችሁ ከሆነ ማዘዣውን ይዛችሁ ጉምሩክ ላይ አስመዝግቡ። የኤሌክትሪክ ሶኬቱ እንደኛው ባለሁለት ክብ ቀዳዳ ነው፣ ማስማሚያ አያስፈልግም። ሰዓቱ ከአዲስ አበባ በሁለት ይቀድማል። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ሰዓቶች የታሽከንት ሆነው በኛ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው፤ 6 ሰዓት ማለት ቀትር ነው። ዓ.ም. ያልተባለበት ዓመት ግን እ.ኤ.አ. ነው።

አየር ማረፊያው ለከተማው ቅርብ ስለሆነ ታክሲ ርካሽ መሆን አለበት። በሩ ላይ «ታክሲ፣ ታክሲ» እያሉ የሚጠብቁት ግን እጥፍ ድርብ ይጠይቃሉ። መፍትሔው ያንዴክስ ጎ የሚባለው የታክሲ መተግበሪያ ነው። ችግሩ መተግበሪያው መጀመሪያ ሲከፈት በስልክ ቁጥራችሁ የማረጋገጫ መልእክት መላኩ ነው፤ ስለዚህ ከቤት ሳትወጡ ጫኑትና በራሳችሁ ቁጥር ተመዝገቡ፣ እዚያ ስትደርሱ ኢንተርኔት ብቻ ይበቃችኋል። ሲም ካርድ ለመግዛት ፓስፖርት ይጠየቃል። ክፍያውን በጥሬ ገንዘብ አድርጉት፣ የመኪናውን ሰሌዳ ሳታመሳክሩ አትግቡ። በከተማው ውስጥ አብዛኛው ጉዞ ከሁለትና ሦስት ዶላር አያልፍም።

ገንዘቡ ሶም ይባላል። አንድ ዶላር በ12,000 ሶም ገደማ ስለሚመነዘር መጀመሪያ ላይ ዜሮው ያደናግራል፣ 10,000ን ከ100,000 ጋር ያሳስታል። ብር እዚያ አይመነዘርም፤ ዶላር ወይም ዩሮ ያዙ፣ ኖቱም አዲስ፣ ያልተቀደደና ያልተጻፈበት ይሁን፣ ያረጀውን ባንኩ ይመልሰዋል። መንገድ ላይ መመንዘር ዛሬ ምንም ትርፍ የለውም፤ በጥቁር ገበያውና በባንኩ መካከል የነበረው ሰፊ ልዩነት መንግሥት እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2017 ምንዛሪውን ነጻ ሲያደርግ ጠፍቷል። እኛ በ2016 ዓ.ም. ሐምሌ ያየነውን እነሱ ቀድመው አይተውታል። ለመጸዳጃ ቤትና ለገበያ ትንንሽ ኖት ኪሳችሁ ይኑር።

አሁን ወደ ሜትሮው። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 6 ቀን 1977 ሥራ ሲጀምር በማዕከላዊ እስያ የመጀመሪያው ነበር። ጣቢያዎቹ ክፉ ቀን ቢመጣ መጠለያ እንዲሆኑም ታስበው ስለተሠሩ እስከ 2018 ድረስ ፎቶ ማንሳት ክልክል ነበር፤ ዛሬ በነጻነት ይነሳል። ዋጋው ከ30 የአሜሪካ ሳንቲም ያነሰ ነው። መግቢያው ላይ ቦርሳ ይፈተሻል፣ ከዚያ ቪዛ ወይም ማስተርካርድ ማሽኑ ላይ ማስነካት ወይም ከመስኮቱ ወረቀት ቲኬት ገዝቶ ኮዱን ማስነበብ ነው። በካርድ መክፈል ከጥሬ ገንዘብ ይረክሳል።

ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር፦ አንዴ ከገባችሁ እስካልወጣችሁ ድረስ በየጣቢያው ብትወርዱ፣ ፎቶ አንስታችሁ ቀጣዩን ባቡር ብትይዙ ሌላ ክፍያ የለም። ስለዚህ ዋና ዋናዎቹን ጣቢያዎች በአንድ ቲኬት መዞር ይቻላል። ከቾርሱ ጣቢያ ወደ ዶስትሊክ አቅጣጫ ተሳፈሩና ሁለተኛው ጣቢያ አሊሸር ናቮይ ላይ ውረዱ። ጣሪያው እንደ መስጊድ ጉልላት በተደረደሩ ክቦች የተሸፈነ ነው፣ ግድግዳው ላይ ከ15ኛው መቶ ዘመን ባለቅኔ ከናቮይ ሥራዎች የተቀዱ የሸክላ ሥዕሎች አሉ። ከዚያው በውስጥ መተላለፊያ ወደ ፓኽታኮር ተሻገሩ። ፓኽታኮር ማለት ጥጥ አምራች ነው፣ ሞዛይኩም የፈነዳ የጥጥ ፍሬ ነው፤ የአገሪቱ ኢኮኖሚ በምን ላይ እንደቆመ ከማንኛውም ሙዚየም በላይ ይናገራል። አንድ ጣቢያ ስትቀጥሉ ሙስታቂሊክ ማይዶኒ፣ ማለት የነጻነት አደባባይ፣ ይመጣል፦ እብነ በረድና የተንጠለጠለ መብራት። ቀጥሎ አሚር ቴሙር ኺዮቦኒ ላይ ወርዳችሁ በውስጥ ወደ ዩኑስ ራጃቢ ተሻገሩ፣ አንድ ጣቢያ ወደ ደቡብ ሚንግ ኦሪክ፣ ከሚንግ ኦሪክ በውስጥ ወደ ኦይቤክ፣ ከኦይቤክ ወደ ቤሩኒ አቅጣጫ አንድ ጣቢያ ብቻ ኮስሞናቭትላር።

ለዚህኛው ጊዜ ስጡት። ግድግዳው ከጥቁር ሰማያዊ ወደ ፈካ ሰማያዊ በሚሸጋገር ሸክላ ተለብጧል፣ ቆሞ የሚያየውን ሰው ከምድር ወደ ሰማይ የሚያስወጣ ይመስላል። በክብ ክብ የሸክላ ምስል የተቀረጹት ጋጋሪን፣ የመጀመሪያዋ የጠፈር ሴት ቴሬሽኮቫ፣ ሌሎች ጠፈርተኞች፣ እንዲሁም ሳማርካንድ ላይ የኮከብ መመልከቻ ያሠራው ንጉሥ ኡሉግ ቤግ ናቸው። ምስሎቹ ያሉት ከሐዲዱ ባሻገር ስለሆነ ባቡር ቆሞ ሲሄድ ነው የሚታዩት፤ ባቡሩ እንደወጣ ቀጣዩ እስኪመጣ ያሉት ጥቂት ደቂቃዎች የፎቶ ጊዜ ናቸው። ሁለት ጣቢያ ብትቀጥሉ አሊሸር ናቮይ ተመልሳችሁ ክቡ ይዘጋል።

ዙሩ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ይበቃዋል። ከጠዋቱ 4 ሰዓት በኋላ ግቡ፤ ከ1 ሰዓት ተኩል እስከ 3 እና ከ11 ሰዓት ተኩል በኋላ ሰዉ እንደ ጎርፍ ነው። የካሜራ መቆሚያ ከዘረጋችሁ ፖሊስ መጥቶ በትሕትና ያስነሳችኋል። የድምፅ ማስታወቂያው «ኬይንጊ ቤካት» ሲል ቀጣዩ ጣቢያ ማለቱ ነው፣ ስሙ ወዲያው ይከተላል። ወጣት ከሆናችሁ ደግሞ አትቀመጡ፦ ሽማግሌ ቆሞ ወጣት መቀመጥ እዚያም ነውር ነው፣ ባቡሩ ውስጥ ሁሉም ዓይን ያይባችኋል።

ቾርሱ ከሜትሮው አፍ ላይ ያለ ገበያ ነው። ቦታው የዘመናት ገበያ ቢሆንም በሰማያዊና አረንጓዴ ሸክላ የተሸፈነው ግዙፉ ጉልላት የተሠራው በ1980 ነው። ምድሩ ላይ ሥጋ፣ አይብና ከእርጎ ተድቦልቡሎ የደረቀው ጨዋማው ኩሩት ይሸጣል። ደረጃ ወጥታችሁ በላይኛው ዙሪያ ደግሞ ለውዝ፣ ፒስታቺዮ፣ ዘቢብና የደረቀ አፕሪኮት አለ፤ ቁልቁል ገበያውን የምታዩትም ከዚህ ነው። ሻጮች ያስቀምሳሉ። መቅመስ ግዴታ አያስገባም፣ ግን ከአምስት ሻጭ እየቀመሱ ማለፍ ያስጠላል። ዋጋ በኪሎ ነው፤ «ቃንቻ?» (ስንት ነው?) ብላችሁ ጠይቁ፣ ከተጠራው ሲሶውን ቀንሳችሁ ጀምሩ፣ መሀል ላይ ትገናኛላችሁ። ወተት፣ ዳቦና አትክልት ላይ አትከራከሩ፣ ዋጋው የታወቀ ነው።

ወጥመዱ ውዱ ቅመም ዛፍራን (ሳፍሮን) ነው። ርካሽ «ዛፍራን» በከረጢት ሲቀርብላችሁ የምታዩት የሱፍ አበባ ነው፣ ያው እኛ ፍሬውን ለጾም ፍትፍት የምንወቅጠው ሱፍ። እውነተኛው ዛፍራን ጥቁር ቀይ ክር ሆኖ ጫፉ እንደ መለከት ይሰፋል፣ በግራም ይሸጣል። የሱፉ ግን ብርቱካናማ ሆኖ ላባ ላባ ይላል፣ ቀለም ከመስጠት በቀር መዓዛ የለውም። በእፍኝ የሚሸጥ ዛፍራን አታምኑ።

ከጉልላቱ ውጭ ዳቦ ጋጋሪዎቹ ጋ እለፉ። ጋጋሪው ክብ ሊጡን መሀሉን በሚስማር ማኅተም ወግቶ፣ ጀርባውን ውኃ ነክቶ፣ እጁን እስከ ክንዱ ወደ ታንዲሩ እቶን አስገብቶ ግድግዳው ላይ ይለጥፈዋል። መሀሉ የተወጋው እንዳይነፋ ነው። ትኩሱን በግማሽ ዶላር በማይሞላ ዋጋ ገዝታችሁ በእጅ ቁረሱ፤ ጠረጴዛ ላይ ግን በጀርባው አትገልብጡት፣ እንጀራን መርገጥ እንደማለት ነው።

ፕሎቭ የቀን ምግብ ነው፤ ይህን ያልሰማ ጎብኚ ማታ ሄዶ ትርፍራፊ ይበላል። ከጠዋት ጀምሮ ይሠራና ከቀኑ 6 ሰዓት ላይ ይደርሳል፣ ታዋቂዎቹ ቤቶች ከ8 ሰዓት በኋላ ድስታቸው ባዶ ነው። በሰፊው የሚታወቀው ከ375 ሜትሩ የቴሌቪዥን ማማ አቅራቢያ ያለው ቤሽ ቆዞን ነው፣ ቦዶምዞር ጣቢያ ወርዶ ጥቂት መሄድ ነው። ወደ አዳራሹ ከመግባታችሁ በፊት ውጭ ወደ ተጣዱት ድስቶች ሂዱ። ከበግ ላትና ከጥጥ ፍሬ ዘይት ውስጥ ሥጋው ይጠበሳል፣ በቀጭኑ የተከተፈ ቢጫ ካሮት ይከተላል፣ ከሙን ይነሰነሳል፣ ሩዙ ከላይ ይደረባል። የታሽከንቱ የሠርግ ፕሎቭ ሽምብራና ዘቢብ አይለየውም። አብሮት በስሱ የተቆረጠ ቲማቲምና ሽንኩርት፣ ማለት አቺቹክ፣ እዘዙ፤ ቅባቱን የሚቆርጠው እሱና ትኩስ አረንጓዴ ሻይ ነው። ቀዝቃዛ ለስላሳ የጠጣበት ሰው ሆዱ ሲከብደው ይውላል። አንድ ሳህን ከሦስት እስከ አምስት ዶላር ነው፣ ብዛቱ ለሁለት ሰው ይዳረሳል። እስራኤል ያላችሁ ከቡኻራ አይሁድ ጎረቤት ቤት ቀምሳችሁት ይሆናል፤ ይህኛው በቅባቱ ይበልጣል።

ልብ በሉ፦ ከላይ በክብ የተቆረጠ ጠቆር ያለ ቋሊማ ካያችሁ ካዚ ነው፣ የፈረስ ሥጋ። እኛ አገር ስለማይበላ ሳያውቁት የበሉ ሰዎች በኋላ ያዝናሉ። ድስቱ ጋ ቆማችሁ «ካዚሲዝ» በሉ፣ ያለ ካዚ ማለት ነው። የተቀቀለ የድርጭት እንቁላልም ይደርቡበታል፣ የማትፈልጉ ከሆነ አስቀድማችሁ ተናገሩ።

ጾም ላይ ለሚሄድ ሰው ታሽከንት ቀላል አይደለችም። የዱባ ሳምሳ (በእቶን የሚጋገር ሳምቡሳ) «አትክልት ነው» ይባላል፣ ውስጡ ግን ብዙ ጊዜ ላት አለ፤ ዳቦውም አንዳንዱ በወተት ይቦካል። የሚያዋጣው በየገበያው ያሉት የኮሪያውያን ሰላጣዎች ናቸው። በ1937 ስታሊን ከሩቅ ምሥራቅ ያፈናቀላቸው ኮሪያውያን ያመጡት ነው፤ በነጭ ሽንኩርትና በበርበሬ የተለወሰው ካሮት ለኛ ምላስ ይስማማል። በዚያ ላይ ሽምብራ፣ የደረቀ ፍራፍሬ፣ ከነሐሴ እስከ ጥቅምት ደግሞ በሜዳ ላይ የሚከመር ሜሎን አለ። አስተናጋጁ ሩሲያኛ ስለሚያውቅ «ፖስኖዬ» ስትሉት የጾም እንደሆነ ይገባዋል።

ሻይ ሲቀርብ አስተናጋጁ ወይም ባለቤቱ ሦስት ጊዜ በስኒው ቀድቶ ወደ ማንቆርቆሪያው ይመልሳል፣ ከዚያ ለእንግዳው ግማሽ ብቻ ይቀዳል። ተሰሰተብኝ እንዳትሉ። እኛ ሲኒ አፍ እስከ ገደፉ እንሞላለን፤ እዚያ ጢም ብሎ የተሞላ ስኒ «ጠጥተህ ሂድ» ነው፣ ጎደል ያለው ደግሞ እየደጋገምን እንቀዳልሃለን ነው።

ቀሪው አጭር ነው። ሐዝራቲ ኢማም የሚባለው የመስጊድና የመድረሳ ግቢ አካባቢ ኩፊ በሚባለው ጥንታዊ የዐረብኛ አጻጻፍ በብራና የተጻፈ እጅግ ጥንታዊ ቁርኣን አለ፣ በትውፊት የኸሊፋ ዑስማን ነው ይባላል። ሩሲያውያን በ1869 ወደ ፒተርስቡርግ ወስደውት በ1924 ተመልሷል። ብራና ከሚያውቅ አገር የመጣ ሰው የቅጠሉን ስፋት ሲያይ ይደነቃል። ሴቶች ሻሽ ያዙ። የናቮይ ኦፔራ ቲያትር የሌኒንን መካነ መቃብር የነደፈው የሹሴቭ ሥራ ነው፣ በግንባታው የጃፓን ምርኮኞች ሠርተውበት በ1947 ተከፍቷል፣ የ1966ቱንም መንቀጥቀጥ ተቋቁሟል። የኦፔራ ቲኬት ከለንደን ወይም ከፍራንክፈርት ጋር ሲነጻጸር የነጻ ያህል ነው፣ ማታ ለሚሠራ ነገር ከተማው ውስጥ ከዚህ የተሻለ የለም። አሚር ቴሙር አደባባይ ላይ እንደተከፈተ መጽሐፍ የቆመውን የ1974ቱን ኡዝቤኪስታን ሆቴል ከውጭ ማየት ይበቃል። ሙዚየም አንድ ብቻ የሚመርጥ ሰው የተግባራዊ ጥበብ ሙዚየምን ይምረጥ፣ የታሪኩን ይዝለለው።

ለማደሪያ ኦይቤክና ሚንግ ኦሪክ አካባቢ ይሻላል፣ ሁለት የሜትሮ መስመር ይገናኝበታል። ሆቴል ሲሆን የውጭ ዜጋ ምዝገባውን ራሱ ይፈጽማል። የግል አፓርታማ የተከራየ ግን ባለቤቱ በሦስት የሥራ ቀን ውስጥ ማስመዝገብ አለበት፤ «ግድ የለም» የሚል አከራይ ካጋጠማችሁ ቅጣቱ የእናንተም ነውና ሌላ ፈልጉ። ማታ መንቀሳቀስ አያሰጋም። ጥቁር ሰው ብዙ ስለማይታይ ዓይን ይበዛባችኋል፣ አብረን ፎቶ እንነሳ የሚልም አይጠፋም፤ አብዛኛው በቅንነት ነው። ይልቅ የሚያሰጋው በጎዳናው ዳር የሚሄደው የውኃ ቦይ፣ አሪቅ፣ ነው። ዛፉን የሚያጠጣው እሱ ነው፣ ብዙ ቦታ ግን ክዳን የለውም፣ ከታክሲ በጨለማ ሲወርዱ እግር ይገባበታል። ከጁን መጨረሻ እስከ ኦገስት መጀመሪያ ያሉትን አርባ ቀናት ቺላ ይሏቸዋል፣ ሙቀቱ 40 ዲግሪ ይደርሳል፤ ከአዲስ አበባ ከፍታ ለመጣ ሰው አይመከርም። ኤፕሪልና ሜይ፣ ሴፕቴምበርና ኦክቶበር ደኅና ናቸው።

ወደ ሳማርካንድ የሚወስደው ፈጣን ባቡር አፍሮሲዮብ 344 ኪሎ ሜትሩን በሁለት ሰዓት ከጥቂት ደቂቃ ይጨርሰዋል፣ ቲኬቱ ግን ቶሎ ያልቃል። ሳምንታት ቀድማችሁ በባቡር ድርጅቱ መተግበሪያ ቁረጡ። ስም ሲሞላ የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው ይጠንቀቅ፦ የአባትና የአያት ስም የትኛው ሳጥን እንደሚገባ ያምታታል። ከፓስፖርቱ ግርጌ ባሉት ሁለት መስመሮች ላይ እንደተጻፈው ቅዱ፣ በር ላይ የሚመሳከረው እሱ ነው። ሁለት ባቡር ጣቢያ እንዳለም አትርሱ፤ አፍሮሲዮብ ከሰሜኑ ይነሳል፣ ወደ ኺቫ ከተማ ከሚሄዱት አንዳንዶቹ ግን ከደቡቡ። ቲኬቱ ላይ ያለውን የጣቢያ ስም ለታክሲው አሳዩት፣ ፍተሻም ስላለ 40 ደቂቃ ቀድማችሁ ድረሱ።

የሚገዛ ነገር ካላችሁ በእጅ የተጠለፈው ሱዛኒ ጨርቅ ጥሩ ነው። ጀርባውን ገልብጡት፤ የእጅ ጥልፍ ክሩ ወጣ ገባ ይላል፣ የማሽኑ እንደተሰመረ ነው። ዕድሜው ከ50 ዓመት በላይ የሆነ ዕቃ ያለ ምስክር ወረቀት ከአገር አይወጣም። ስለዚህ ሻጩ «የሴት አያቴ ነበር» ብሎ ዋጋ ከሰቀለ ወይ ወረቀቱን ጠይቁት፣ ወይ አዲሱን ግዙ።